ካሜራው ይቆይ፣ መጀመሪያ ትንፋሽ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም አንድ ፎቶዬን አውጥተን ነበር፤ ጭራው ሥር እንቁላል የለጠፈ፣ የባሕር ዘንዶ የሚሉት ዓሣ። ከዚያ ወዲህ "አሻንጉሊት ነው ወይስ እንስሳ?" ከሚለው ጀምሮ "ለሠርግስ ስንት ታስከፍያለሽ?" እስከሚለው ድረስ ጥያቄ ጎረፈ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለው የፎቶ ስቱዲዮዬ ድረስ መጥተው በበሩ ሥር ወረቀት ያስገቡም አሉ። ለሠርጉ ስቱዲዮ ብቅ በሉ፤ ለባሕሩ እነሆ መልሴ።

ለማያውቁኝ፦ ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። 14 ዓመት ሜልቦርን ኖሬ ተመልሻለሁ። እዚያ ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነበር። ባሕር ውስጥ ጭንቅላቴን የነከርኩት በ38 ዓመቴ ነው። ከምንከባከባቸው እናቶች አንዷ በወጣትነታቸው ሲጠልቁበት የነበረውን መነጽር "ከእንግዲህ ለእኔ ምን ይሠራልኛል" ብለው ሰጡኝ። ጎማው ደርቆ ውሃ ያስገባ ነበር። ግን ሰው ስጦታ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ አይቆልፍም።

*

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አውስትራሊያ፣ ታውንስቪል በሚገኘው ጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል አግኝቻለሁ። ግሬት ባሪየር ሪፍ ከሚሉት ግዙፍ የኮራል ክምር አጠገብ ኖሬ ሳላየው ብመጣ ይቆጨኛል። ግን ዋና የማውቀው በልጅነቴ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ከተንቦጫረቅኩት አይበልጥም። መጥለቅ መማር እችላለሁ? ካሜራስ ከዚህ ገዝቼ ልሂድ? (ተማሪ፣ ከቂጦ ፉርዲሳ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ! ካሜራውን ለጊዜው እርሳው። ታውንስቪል ስትደርስ መጀመሪያ የምትፈልገው የዋና ገንዳ ነው። "ኦፕን ዋተር" የሚባለው የመጀመሪያው የጠላቂነት ትምህርት 200 ሜትር ሳታቋርጥ እንድትዋኝ፣ ከዚያም 10 ደቂቃ ምንም ሳትይዝ ውሃ ላይ እንድትቆይ ይጠይቅሃል። ፍጥነትህን ማንም አይለካም። ለእኔ ያ 200 ሜትር ሰባት ወር ፈጀብኝ። በሰፈሬ ገንዳ የሚማሩት ሕፃናት ነበሩ፤ እኔ ከመካከላቸው እንደ ግመል ብቅ ብዬ። አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ "አንቺ ትልቅ ሆነሽ ለምን አትችዪም?" አለችኝ። አገሬ ባሕር የለውም አልኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ "ሻወርስ የላችሁም?"

ዋናው ከተቻለ ሌላው ቀላል ነው። ትምህርቱ ሦስት ወይም አራት ቀን ይወስዳል፤ ንባብ አለው፣ ገንዳ አለው፣ በመጨረሻ አራት ጊዜ ባሕር ውስጥ ትጠልቃለህ። የምታገኘው ወረቀት እስከ 18 ሜትር ያወርድሃል። ከመጀመርህ በፊት የጤና ቅጽ ትሞላለህ። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ካለብህ አትደብቅ። ቅጹን የሚያነበው ሰው ሊከለክልህ አይደለም የተቀመጠው፤ ሐኪም እንዲያይህ ሊልክህ ነው። ጉንፋን ይዞህም አትጥለቅ፤ ጆሮህ አይከፈትልህም። ስትወርድ አፍንጫህን ይዘህ ቀስ ብለህ እየነፋህ ጆሮህን ትከፍታለህ፤ ሳያምህ በፊት፣ በየሜትሩ።

ከሁሉም በላይ የሚነግሩህ አንድ ሕግ አለ፤ ትንፋሽህን አትያዝ። ለምን መሰለህ? ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ የአንድ ከባቢ አየር ያህል ጫና ይጨመራል። ከላይ አንድ የነበረው 10 ሜትር ላይ ሁለት፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት ይሆናል። እዚያ ታች ሳንባህን ሞልተህ አፍህን ዘግተህ ብትወጣ፣ ጫናው ሲቀንስ አየሩ ይለጠጣል። ሳንባ ደግሞ ፊኛ አይደለም። ሁለተኛው ጉዳይ ናይትሮጅን ነው። ታች በቆየህ ቁጥር ናይትሮጅን ደምህና ሥጋህ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለህ ከወጣህ በትንፋሽህ ይወጣል። ከቸኮልክስ? የተናወጠ አምቦ ውሃ ጠርሙስ ቆርኪውን በአንዴ ስትከፍተው የሚሆነውን ታውቃለህ። ያ አረፋ በመገጣጠሚያህና በነርቭህ ውስጥ ሲነሣ አስበው። ስለዚህ ቀስ ብለህ ትወጣለህ፤ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ትቆማለህ።

ለእኛ ለደገኞች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ለዕረፍት ወደ አገርህ ስትመጣ በመጨረሻው ቀን አትጥለቅ። ከብዙ ጠለቃ በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ድረስ ይሳሳል፤ አዲስ አበባ ላይ የቆምክ ያህል ማለት ነው። ነገሩ በአውሮፕላን ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከኬርንስ ወደ አተርተን ከፍታ በመኪና የሚወጡ ጠላቂዎችም ይጠነቀቃሉ፤ አተርተን ግን 750 ሜትር ገደማ ነው፣ የጅማን ግማሽ እንኳ አይሞላም!

ካሜራውን ለምን እንዳቆየሁብህ ልንገርህ። 12 ሊትር የአየር ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የጫና መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ረጋ ያለ ሰው ውሃ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ቢተነፍስ 20 ሜትር ላይ 60 ሊትር ይፈልጋል። 40 ደቂቃ ማለት ነው፤ ያውም መጠባበቂያ የሚሆነውን 50 ባር ሳትቀንስ። የደነገጠ፣ የቸኮለ፣ ካሜራ የሚነካካ ሰው ግን ሁለት እጥፍ ይተነፍሳል። መጀመሪያ ካሜራ ይዤ የገባሁ ዕለት አንዲት ትንሽ ዓሣ ስከተል አስተማሪዬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ካሜራውን ከእጄ ወሰደ፣ የአየር መለኪያዬን ዓይኔ ላይ ደቀነው። 40 ባር። ዓሣዋም ደብዛዛ ወጣች። 20 ጊዜ ያህል ባዶ እጅህን ጥለቅ፤ ከዚያ እንነጋገር።

*

ጥያቄ፦ አጋሮ ፎቶ ቤት አለኝ። ወንድሜ ከአውስትራሊያ የሚልክልኝ የባሕር ውስጥ ፎቶ ሁሉ ሰማያዊና ጭጋጋም ነው። በኮምፒውተር ቀይ ብጨምርበት አመድ መሰለ። ጥፋቱ የካሜራው ነው ወይስ የወንድሜ? (ባለሙያ፣ ከአጋሮ)

መልስ፦ የውሃው ነው፤ ትንሽ ትንሽ የወንድምህም።

ውሃ ብርሃንን ቀለም እየመረጠ ይበላል። የሚጀምረው ከቀዩ ነው። 5 ሜትር ላይ ቀይ ደብዝዟል፣ 10 ሜትር ላይ የለም ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ብርቱካናማው፣ ከዚያ ቢጫው ይሄዳል። ሰማያዊው ብቻ ሩቅ ይወርዳል። ዮንጋላ የምትባለው የሰመጠች መርከብ ላይ 24 ሜትር ገደማ ሆኜ ጣቴን ዛጎል ቆረጠኝ። ደሜ ሲወጣ አረንጓዴ ነው! ጎመን የተፈጨ መሰለኝ። ባልንጀራዬ ባትሪውን ሲያበራበት ወዲያው ቀላ። ቀዩ ጣቴ ላይ ነበር፤ የሚያሳየው ብርሃን ግን እኔ ጋ አልደረሰም። ኮምፒውተርህ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ወንድምህ ሲያነሳ ካሜራው ውስጥ ያልገባ ቀይ ከየት ይመጣል? ከባዶ ድስት ወጥ እንደ መጨለፍ ነው።

ስለዚህ ብርሃኑን ይዘህ ትወርዳለህ፤ ፍላሽ። ግን የፍላሹም ብርሃን ውሃ ያቋርጣልና ይበላል፤ ሲሄድም ሲመለስም። ዓሣው ሁለት ሜትር ላይ ካለ ብርሃንህ አራት ሜትር ተጉዟል። ለዚህ ነው ከአንድ ሜትር በላይ ርቀህ አታንሳ የሚባለው። እኔ ከክንዴ ርዝመት በላይ ከራቀ ቁልፉን አልነካም። ወንድምህ ዙም የሚያደርግ ከሆነ ንገረው፤ ውሃ ውስጥ ዙም የለም፣ መቅረብ ብቻ ነው። ሰፊ ሌንስ ይግጠምና ይቅረብ። ዓይናችን ደግሞ ያታልለናል። በመነጽር ውስጥ ሁሉም ነገር በአንድ ሦስተኛ ተልቆ፣ በሩብ ያህል ቀርቦ ይታያል። "በቃ ደረስኩ" ያልክበት ቦታ ላይ ገና ነህ።

ጭጋጉ ሌላ ነገር ነው። በጨለማ ማጀት ውስጥ ቡና እየተቆላ ጭሱ ሲነሣ ግንባርህ ላይ ባትሪ ብታስር ምን ታያለህ? ጭሱን። ከጭሱ ወዲያ ቡናውን የምትቆላዋን ሴት አታያትም። ባትሪውን ወደ ጎን ዘርግተህ ብትይዘው ግን ጭሱ ይጠፋና ፊቷ ይወጣል። ባሕርም እንዲሁ ነው፤ ውሃው ውስጥ አሸዋ፣ ደቃቅ ፍጥረት፣ ትቢያ ይንሳፈፋል። ካሜራው ላይ ተጣብቆ ያለው ፍላሽ እሱን ሁሉ ያበራውና ፎቶህ በረዶ የዘነበበት ይመስላል። ለዚያ ነው የባሕር ፎቶ አንሺዎች ፍላሻቸውን እንደ ሸርጣን ክንድ ግራና ቀኝ አርቀው፣ ጥቂት ወደ ውጭ አዙረው የሚይዙት። ወንድምህ የውጭ ፍላሽ ከሌለው አብሮ የተሠራውን አጥፍቶ ከ5 ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት፣ ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ያንሳ። ነጩን ሚዛን እዚያው ውሃ ውስጥ በነጭ ሰሌዳ ላይ ያስተካክል፤ ፋይሉንም በጥሬው፣ በሮው፣ ያስቀምጥ። ያኔ አንተም አጋሮ ሆነህ የምትሠራበት ነገር ታገኛለህ።

ሌላ የማየው ስህተት ከላይ ወደ ታች ማንሳት ነው። ሠርግ ላይ ሕፃን ልጅን ከቁመትህ ሆነህ ብታነሳው አናቱና ምንጣፉ ብቻ ነው የሚወጣው። ዓሣም እንዲሁ ከአሸዋው ጋር ይመሳሰላል። ከእሱ ዝቅ ብለህ ወደ ላይ አንሳ፤ ከኋላው ሰማያዊ ውሃና ፀሐይ ይገኛል። ለመነሻ 1/125፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 200 ይሞክር። ከዚያ እንደ ውሃው ያስተካክለዋል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን ፎቶ የሚቀናኝ በካሜራው አይደለም። ባለፈው እትም የወጣውን የባሕር ዘንዶ ያነሳሁት ከሜልቦርን ወጣ ብሎ ፍሊንደርስ በሚባል ቦታ፣ ፒር ከሚሉት ወደ ባሕር ከሚገባ የእንጨት ድልድይ ሥር ነው፤ ጥልቀቱ አራት ሜትር አይሞላም። እንቁላሉን የሚሸከመው ወንዱ ነው። ሴቷ ጭራው ሥር ትለጥፍለታለች፣ እሱ እስኪፈለፈል ሁለት ወር ገደማ ይዞረዋል። (ይህን ለአክስቴ ስነግራት "የእኛዎቹ ምነው ሁለት ቀን እንኳ!" አለች።) ዓሣው ፈሪ አይደለም፤ ግን እግርህ አሸዋ ካስነሣ ጀርባውን ይሰጥሃል። ውሃ ውስጥ ደግሞ ሰው የሚወጣና የሚወርደው በሳንባው ነው። ትንፋሽ ስታስገባ ጥቂት ከፍ ትላለህ፣ ስታወጣ ዝቅ ትላለህ። 40 ደቂቃ በዚያች ስንዝር ከፍና ዝቅ ብቻ ቆየሁለት። አሥራ አንድ ጊዜ ቁልፉን ነካሁ፤ አንዷ ወጣች። ወንድምህ ካሜራ ለመቀየር ገንዘብ ላክልኝ ካለህ መጀመሪያ እግሩን ሳያንቀሳቅስ አንድ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ መቆም ይችል እንደሆነ ጠይቀው።

*

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ሴት ልጄ ሲድኒ ትኖራለች። በየሳምንቱ ባሕር ውስጥ እገባለሁ ትለኛለች። እናቷ እንቅልፍ አጥታለች፤ እኔም ብሆን። ሻርኩስ? (የልጅ አባት፣ ከጅሬን)

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም አባቴ። እርስዎ እናቷን አስቀድመው ራስዎን ቢያስከትሉም፣ ከሁለታችሁ የሚበልጠው የማን ፍርሃት እንደሆነ ደብዳቤው ይናገራል። እኔም አባቴ በሕይወት ቢኖሩ እንዲሁ ይጽፉልኝ ነበር።

ሻርክ አለ፤ አልዋሽዎትም። ግን ልጅዎ ሲድኒ አካባቢ ከምታያቸው አንዱ ግሬይ ነርስ የሚባለው ነው። ጥርሱ ከአፉ ወጥቶ ስለሚታይ ሲያዩት አስፈሪ ነው፤ ጠባዩ ግን የዋህ ነው። ሰዎች በመልኩ ፈርደው እየገደሉ ሊያጠፉት ሲደርሱ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክልል እ.ኤ.አ. በ1984 በሕግ ጠበቀው፤ በዓለም ላይ በሕግ የተጠበቀ የመጀመሪያው ሻርክ እሱ ነው። ሳውዝ ዌስት ሮክስ በሚባል ቦታ ፊሽ ሮክ የሚሉት ዋሻ አለ። ደሴቲቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰነጥቃል፤ 125 ሜትር ይሆናል። በዋሻው አፍ ላይ ሰባት ግሬይ ነርስ ቆመው አገኘኋቸው። እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ቀስ ብለው ይዞራሉ። እኔ ድንጋዩ ላይ ተጠግቼ ቆምኩ፣ እነሱም ቦታዬን ለቀቁልኝ። መንገዳቸውን አልዘጋሁም፣ አልተከተልኳቸውም፤ ሕጉ ይኸው ነው።

እኔ ልጅዎን ብሆን ከሻርክ ይልቅ የምጠነቀቃቸው ትናንሾቹን ነው። ሰማያዊ ቀለበት ያላት ኦክቶፐስ አለች፤ መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ቆንጆ። ንክሻዋ አያምም፣ መርዟ ግን ትንፋሽ ያቆማል፤ ማርከሻም የለውም። የተነከሰ ሰው ሐኪም ቤት እስኪደርስ ሌላ ሰው ነው የሚተነፍስለት። በሰሜን ደግሞ፣ በኩዊንስላንድ ሞቃታማ ዳርቻ፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት ግድም ቦክስ ጄሊፊሽና ከአውራ ጣት የማትበልጥ ኢሩካንጂ የምትባል ጄሊፊሽ ይመጣሉ። ለዚያ ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን ቀጭን ልብስ ይለበሳል። በባሕሩ ዳርቻ በየቦታው የኮምጣጤ ጠርሙስ ተሰቅሎ ያያሉ፤ ለተነደፈ ሰው ነው፣ ለሰላጣ እንዳይመስልዎ! ልጅዎ ሲድኒ ስለሆነች ይህ የሚያሳስብዎ ለጉብኝት ወደዚያ ከሄደች ነው።

ጠላቂ ላይ አደጋ የሚያደርሰው ግን በአብዛኛው ከሰው ከራሱ ነው፤ ያልታወቀ የልብ ሕመም፣ ያለቀ አየር፣ ድንጋጤ፣ ብቻ መግባት። ስለዚህ ስትደውል "ሻርክ አየሽ ወይ?" አይበሏት። "ከማን ጋር ነው የገባሽው?" ይበሏት። ዕቃዋን መጨረሻ መቼ እንዳስፈተሸች፣ ኢንሹራንስ እንዳላት፣ ሲሊንደሯ ውስጥ ስንት ባር ቀርቷት እንደምትወጣ ይጠይቋት። 50 ካለችዎት ደኅና ልጅ አሳድገዋል። "አላየሁትም" ካለችዎት ስልኩን ለእናቷ ይስጡ።

*

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እህቴ ከኬርንስ ስትመጣ ዛጎልና ኮራል ይዛልኝ እንድትመጣ ጠይቄያታለሁ፤ እምቢ አለችኝ። ንፍገት አይደለም? (ከመንደራ)

መልስ፦ አይደለም። ግሬት ባሪየር ሪፍ የተጠበቀ የባሕር ፓርክ ነው፤ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ሦስተኛው ምንም የማይወሰድበት ክልል ሆኗል። ኮራል ይዛ አውሮፕላን ጣቢያ ብትያዝ ስጦታሽ ቅጣት ነው። ኮን የሚባለው ያ የሚያምረው ዛጎል ደግሞ ባለቤቱ ውስጡ ካለ በመርዝ ይወጋል። ፎቶ ላኪልኝ በያት።

*

ጥያቄ፦ ኮራሉ ሁሉ ሞቷል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ከሆነ ብር አጠራቅሞ መሄድ ምን ይጠቅማል? ለአንድ ጊዜ ብቻ የምችል ሰው የት ልሂድ? (መምህር፣ ከሄርማታ)

መልስ፦ ሁሉ አልሞተም፤ ደኅና ነውም አይባልም። ሪፉ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ወደ 2,900 የሚሆኑ የተለያዩ ሪፎች ስብስብ ነው። አንዱ ጋ የሄደ "ገነት ነው"፣ ሌላው ጋ የሄደ "መቃብር ነው" ቢልዎት ሁለቱም አልዋሹም። ኮራል እንስሳ ነው፤ ሥጋው ውስጥ በፀሐይ ምግብ የሚሠሩለት ደቃቅ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ቀለሙም ከእነሱ ነው። ውሃው ከልኩ በላይ ለሳምንታት ከሞቀ ያስወጣቸዋል፣ ነጭ አጥንቱ ይታያል። ያኔ ገና አልሞተም፤ ተርቧል። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ያገግማል፣ ካልቀዘቀዘ ይሞታል። ሪፉን ሰፊ መንጣት የመታው በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022፣ በ2024 እና በ2025 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዓመቶቹ እየተቀራረቡ መምጣታቸውን መምህር ነዎትና ራስዎ ያዩታል። ማሳ በተከታታይ በረዶ ሲመታ ዘሩ ለመብቀል ጊዜ ያጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የት ልሂድ ላሉት፣ እኔን ካመኑ ሪፉን ብቻ አያስቡ። ከኬርንስ የሚነሡት ትልልቅ ጀልባዎች ሰው የሞላባቸው ናቸው፤ ፎቶዎ ውስጥ ከዓሣ ይልቅ የሰው እግር ይበዛል። እኔ አንድ ቦታ ብቻ ምረጪ ብባል ከታውንስቪል ወጣ ብላ ያለችውን ዮንጋላን እላለሁ። መርከቧ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1911 በዐውሎ ነፋስ ከ122 ሰዎች ጋር ሰመጠች፤ ሬዲዮ ስላልነበራት ማዕበል እየመጣ መሆኑን የሚነግራት አልነበረም። አንድ የእሽቅድምድም ፈረስም ተሳፍሮ ነበር። የት እንዳለች በእርግጠኝነት የታወቀው በ1958 ነው። 109 ሜትር ርዝመቷ አሸዋ ላይ ጋደም ብሎ፣ ከ15 እስከ 30 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። በአካባቢው ሌላ መጠለያ ስለሌለ የባሕር ፍጥረት ሁሉ እሷ ላይ ሰፍሯል፤ ኤሊ፣ የባሕር እባብ፣ ጥጃ የሚያህል ግሩፐር የሚባል ዓሣ። ውስጧ መግባት ክልክል ነው፤ የሰው መቃብር ናትና መሆንም አለበት። ዥረቱ ግን ኃይለኛ ነው፣ ለጀማሪ አይሆንም።

ለጀማሪ? እንግዲህ ይሳቁብኝ፣ ወደ ባሕር የሚገቡት የሜልቦርን ድልድዮች። በክረምት ውሃው 10 እና 11 ዲግሪ ይወርዳል፤ ከንፈር ይደነዝዛል። ግን ጀልባ አይከፈልም፣ ከመኪናዎ ወርደው በደረጃ ይገባሉ። በግንቦትና በሰኔ ግድም ሸረሪት ሸርጣኖች ቅርፊታቸውን ለመቀየር በሺዎች ይሰበሰባሉ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ የቅዳሜ ገበያ ይመስላል። ገንዘቡ ካለዎትና ወቅቱ ከገጠመልዎት ደግሞ ዋይላ ይሂዱ፣ ደቡብ አውስትራሊያ። ከግንቦት እስከ ነሐሴ የኦክቶፐስ ዘመድ የሆነው ጃየንት ከትልፊሽ ለመራባት ጥልቀት በሌለው ውሃ ይሰበሰባል። ወንዶቹ ቆዳቸው ላይ ቀለም እንደ መብራት እያስኬዱ ይጣላሉ። ትንንሾቹ ወንዶች ደግሞ ሴት መስለው በትልቁ አጠገብ ሾልከው ያልፋሉ፤ ከተማሪዎችዎ መካከል የሚያስታውሱት አይጠፋም። በምዕራብ ኒንጋሉ ላይ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ሻርክ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ይመጣል፤ እሱ በስኩባ፣ ማለትም በሲሊንደር አየር ጠልቆ ሳይሆን ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚታየው። እኔ አልደረስኩበትም፤ ብሩ አልሞላልኝም።

*

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ የትኛውን ካሜራ ልግዛ? የስልክ የውሃ ከረጢትስ ይሠራል? (ከጊንጆ)

መልስ፦ ከረጢቱን ለዝናብ ያዘው። ለመጀመሪያ ጎፕሮ ወይም ቀድሞ ኦሊምፐስ፣ አሁን ኦኤም ሲስተም በሚባል ስም የሚሸጠው ቲጂ ዓይነት ትንሽ ካሜራ ይበቃሃል። ግን ካሜራው ራሱ ውሃ ይችላል ቢባልም የራሱን መከላከያ ሳጥን አብረህ ግዛ። ሳጥኑን የሚዘጋው አንዲት ቀጭን የጎማ ቀለበት ናት። ሁለተኛው ካሜራዬ የሰመጠው በእኔው ፀጉር ምክንያት ነው። ማለዳ ጠጉሬን ሳልሸፍን መኪና ውስጥ ቸኩዬ ዘጋሁት፤ አንዲት ዘለላ ቀለበቷ ላይ ተኝታ ቀረች። ስምንት ሜትር ላይ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ሲንቀጫቀጭ አየሁ። የሦስት ወር የሌሊት ተረኛ ደሞዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ፣ ሻሽ አስሬ፣ በደማቅ መብራት ሥር ነው የምዘጋው። መጀመሪያም ያለ ካሜራ ባዶውን ሳጥን አስጥመው፤ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ታምነዋለህ። ከባሕር ስትወጣ በጨው እንዳይደርቅ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫናቸው።

ጅማ ስታመጣው ሌላ ጠላት ይጠብቅሃል። እዚህ ክረምቱ ረዥም ነው፤ ሌንስ ውስጥ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ይበቅላል። ባሕር ያልበላውን ሌንስ ቁም ሣጥኔ በላብኝ። አሁን ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የማወጣቸውን እርጥበት የሚመጡ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጨምሬ ነው የማስቀምጠው፤ በየወሩ በዝግታ አድርቄ እመልሳቸዋለሁ።

*

ጥያቄ፦ እኛ ሦስት ጓደኛሞች ነን። አውስትራሊያ መሄጃ የለንም። ቦዬ ውስጥ ብንጠልቅና ጉማሬውን ከሥር ብናነሳውስ? (ከቆጪ)

መልስ፦ ልጆቼ፣ እናታችሁ ይህን ደብዳቤ አይታዋለች? ጉማሬ ሰው አይቶ ግሬይ ነርስ አይሆንም። ውሃው ጭቃ ነው፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን አታዩትም፤ ከጉማሬው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ካልተገናኛችሁ በቀር አታገኙትም። ቢልሃርዚያውም አለ። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ መጥለቅ ደግሞ የራሱ የጥልቀትና የጊዜ ሠንጠረዥ አለው፤ ጅማ ደግሞ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

ውሃ የጠማችሁ ከሆነ የሆቴል ገንዳ ፈልጉና በጀርባችሁ 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ተለማመዱ። ጉማሬውን ደግሞ ከዳር ሆናችሁ አንሱት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ፣ ራቅ ብላችሁ፣ መሸሻችሁን ክፍት አድርጋችሁ። ጆሮውን አራግፎ ሲያዛጋ ነው ቁልፉን የምትነኩት። አንድ ደኅና ፎቶ ካገኛችሁ ስቱዲዮ አምጡት፤ በነፃ አትምላችኋለሁ።